የተቆለፈ በር ጠላት፦ የእትዬ ፒንሳ ሕይወት

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የጋራዡ ልጆች፤

የእኅታችንን የሕይወት ታሪክ ከማንበቤ በፊት አደራቸውን ላድርስ። ሕመሙ ከጸናባቸው በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ “ያቺን ወረቀት የምታነበው አንተ ነህ አይደል? እንግዲያው ለስላሳ ሴት ነበረች ብለህ እንዳታሳጣኝ። ተናድጄ ነው የኖርኩት፤ እንደኖርኩት አንብብ” ብለውኛል። የሟች ቃል አይሻርምና የምታዝኑትን ያህል ብትናደዱም እርሳቸው ደስ ይላቸዋል። ከጎኔ የቆመችው ልጃቸው መስማት ለተሳናችሁ የማነበውን በእጇ ስለምታስተላልፍ፣ ቀስ ብዬ አነባለሁ።

እኅታችን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ በተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች፣ በፋብሪካው ጥገና ክፍል በቶርኖ ሥራ ከተመሰከረላቸው አባታቸውና በዚያው ፋብሪካ የሽመና መኪና ጠባቂ ከነበሩት እናታቸው፣ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ቤቱ አንድ ክፍል ሲሆን፣ ግድግዳው ከፋብሪካው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የተሠራ በመሆኑ መኪኖቹ ሲነሡ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫ ነበር፤ እኅታችንም “እኔ እሹሩሩ የተባልኩት በሞተር ነው” ይሉ ነበር።

ያ የመኪና ጩኸት ግን ለሁሉም እሹሩሩ አልሆነም። የእናታችንን ጆሮ ዓመት በዓመት እየበላ፣ በመጨረሻ ከነጭራሹ ዘጋው። ፋብሪካውም ሴትዮዋ የፈረቃ ደወል አይሰሙም፣ ለአደጋ ይጋለጣሉ በሚል ምክንያት አሰናበታቸው። ጆሮ የወሰደው እርሱ፣ ጆሮ የለሽም ብሎ ያባረረው እርሱ፤ ከሳሽም ዳኛም ሆኖ ፈረደ። እናታችን የሥራ ሽርጣቸውን አጣጥፈው ይዘው በር ላይ ሲደርሱ እኅታችን ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አልጀመሩም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን ንግግር በእጅ ሆነ፤ ማንም ሳያስተምረን የራሳችንን ምልክት ፈጥረን በእጃችን ተከራከርን፣ በእጃችን ተሳደብን፣ በእጃችንም ታረቅን።

ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ወንዶቹ ወደ ብረታ ብረት ወርክሾፕ፣ ሴቶቹ ወደ ስፌት ክፍል ይላኩ ነበር። እኅታችን መርፌውን ትተው ወርክሾፑ በር ላይ በመቆማቸው መምህሩ “ሴት ልጅን ግራሶ ከነካት አይለቃትም” ቢሏቸው፣ “ሳሙና የተሠራው ለምን ሆነና?” ብለው መለሱ፤ በዚህም ወላጅ እንዲያመጡ ታዘዙ። እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። ርእሰ መምህሩ ምክንያታቸውን አንድ በአንድ ሲደረድሩ፣ እናታችን ወንበር ስበው ተቀምጠው በትዕግሥት አፍ አፋቸውን ሲያዩ ቆዩና፣ ሲጨርሱ “አልሰማሁም። ልጄ ከነገ ጀምራ ወርክሾፕ ትገባለች” ብለው ተነሡ። እውነትም አልሰሙም፤ ቢሰሙም የሚመለሱ አልነበሩም።

እኅታችን ወርክሾፕ ገቡ። ከዚያም ወደ ኮሌጅ ዘልቀው በኤሌክትሪክ ምህንድስና ከተመረቁ በኋላ፣ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ በጥገና ባለሙያነት አገለገሉ። “እትዬ ፒንሳ” የተባሉትም እዚያ ነው፤ ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞች ምክንያቱን ሲጠየቁ “አንዴ ከያዙ አይለቁማ” ይሉ ነበር።

ከባለቤታቸውም ጋር የተዋወቁት በዚሁ ሥራ ነው። ባለቤታቸው የጋራዥ ባለቤት ሲሆኑ፣ የፋብሪካው የጭነት መኪና ዲናሞ ተቃጥሎ በመጣላቸው ጊዜ በአዲስ ይቀየር ቢሉ፣ እኅታችን ሽቦው እንደገና ይጠምጠም ብለው ጋራዡ መካከል ቆመው ሞገቷቸው። ዲናሞው ተጠመጠመ፤ ክርክሩ ግን በዚያ ሳይቆም ወደ ትዳር አደገ፤ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። በትዳራቸውም ዘመን ሁሉ አንዳቸው ሌላውን በክርክር ረትተው አያውቁም።

እኅታችን እናትነትን ከሥራ ጋር አስተባብረው ሲኖሩ፣ በከተማችን ባለው የቴክኒክ ኮሌጅ ለማስተማር ተጠሩ። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ኮሌጁ ከውጭ በስጦታ ያገኛቸው ሮቦቶች ነበሩት፤ ብረት የሚያነሣ ሜካኒካል ክንድ፣ በራሱ መንገድ ፈልጎ የሚሄድ ጋሪ፣ ሌላም ሌላም። ሁሉም በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው፣ አንዳንዶቹ የመጡበት ላስቲክ እንኳ ሳይወልቅላቸው ተቀምጠው ነበር። ተማሪዎቹ የክንዱን ሥዕል ከሰሌዳ ላይ ይገለብጣሉ፣ የመገጣጠሚያውን ስም በቃላቸው ይሸመድዳሉ፣ ተፈትነውም ያልፋሉ፤ ክንዱን ግን ነክተውት አያውቁም። እንግዳ ሲመጣ ቁም ሣጥኑ ይከፈታል፤ ክንዱ ለእንግዳው ሰላምታ ሰጥቶ ተመልሶ ይቆለፍበታል።

እኅታችን የኮሌጁን ዲን ቁልፍ ሲጠይቁ መልሱ “ይሰበራል” የሚል ነበር። “ይሰበር። እኛ እኮ ጥገና ነው የምናስተምረው” አሉ። ሰሚ አላገኙም። ስለዚህ አንድ የጧት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ቁም ሣጥኑ ዘንድ ሄዱና ማጠፊያውን በካቻቢቴ ፈተው፣ መስታወቱን ሳይሰብሩ በሩን በሙሉ አንሥተው ግድግዳ አስደገፉት። ክንዱ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ተፈታ፣ ተጠናና ተገጠመ፤ ሲገጠምም ከበፊቱ በተሻለ ዞረ። ለዚህ ሥራቸው የተሰጣቸው ምስጋና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ ቁም ሣጥኑ ደግሞ ሁለተኛ ቁልፍ ተጨመረለት።

ይህንንም ቢሆን ችለው ነበር። ያልቻሉት የሚቀጥለውን ነው። ከቆሻሻ መጣያው ሥር ካለው ሰፈር፣ እናቷ የላስቲክ ጠርሙስ በመልቀም የሚያሳድጓት፣ መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ በጥሩ ውጤት ለኮሌጁ አመልክታ ነበር። እጇ ሲናገር ፍጥነቱ ዓይን ስለማይዘው ጓደኞቿ “መብረቅ” ይሏታል። የቅበላው ኮሚቴ ማመልከቻዋን ውድቅ ሲያደርግ፣ እኅታችን በስብሰባው ላይ ተቀምጠው ምክንያቱን በጆሯቸው ሰሙ፤ ማሽን ሲጮኽ አትሰማም፣ ለአደጋ ትጋለጣለች የሚል ነበር። ቃል በቃል እናታቸው የተባረሩበት ነው። እኅታችን ተነሥተው፣ “ማሽኑ ላይ ቀይ መብራት ማሠር ያቃተው የምህንድስና ኮሌጅ የምህንድስና ኮሌጅ አይባልም” አሉና መልቀቂያቸውን አስገብተው ወጡ።

ወደ ባለቤታቸው ጋራዥ ገብተውም ግማሹን ያዙ። ባለቤታቸው “ሚስቴን አግብቼ ጋራዤን ፈታሁ” እያሉ ለደንበኞቻቸው ይቀልዱ ነበር እንጂ፣ የመጀመሪያውን ረጅም ጠረጴዛ በእጃቸው የበየዱት እርሳቸው ናቸው። መብረቅ የመጀመሪያዋ ተማሪ ሆነች። ቀጥሎ የሰፈሯ ልጃገረዶች መጡ፤ ከመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ተማሪዎች መጡ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ ልጅም መጣና፣ ለእርሱ ሲባል የጠረጴዛው እግር ተቆርጦ ዝቅ አለ። ከተጣለ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሞተር፣ ከተሰበረ የልብስ ማጠቢያ ኩሽኔታ፣ ከልጆች መጫወቻ ጎማ እየነቀሉ ሠሩ። በጋራዡ ደወል አልነበረም፤ በየማሽኑ ላይ ቀይ አምፖል ታስሮ ነበር። እኅታችን “ማንም ቆሞ አያይም” የሚል አንድ ደንብ ብቻ ስለነበራቸው፣ ልጁን ሊያደርስ የመጣ ወላጅ ሳይቀር ካቻቢቴ ይዞ ያመሻል።

በእነዚህ ልጆች እጅ፣ ላስቲኩን ከብርጭቆና ከቆርቆሮ የሚለይ ክንድ ያለው ጋሪ ተሠራ። ሐሳቡ የመብረቅ ነበር፤ የእናቷ እጅ በስባሪ ጠርሙስ ሲቆረጥ እያየች ያደገች ልጅ ናትና። ጋሪው በእናቶቹ ፊት ተሞክሮ ሲሠራ ከእናቶቹ አንዷ፣ “ይሄን ነገር ቀደም ብላችሁ ብትሠሩት ጣቴ ይተርፍ ነበር” አሉ፤ ማንም አልሳቀም።

ጋሪው ተጭኖ ወደ ታላቁ የወጣቶች የሮቦት ውድድር ተወሰደ። በር ላይ ግን ደንቡ የሚፈቅደው በሳጥን ታሽጎ የተገዛ ዕቃ ብቻ ነው ተብሎ ተመለሰ። ከቁራጭ ብረት ከባዶ መሥራት አሳገደ፤ ገዝቶ መገጣጠም አስመሰገነ። እኅታችን አልተመለሱም፤ ልጆቹ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ጋሪውን አውርደው ለአላፊ አግዳሚው ያሠሩት ጀመር። ውስጥ ያለው ሕዝብ ወደ ውጭ ፈሰሰ። አዘጋጆቹ ይህን ሲያዩ እየሮጡ መጡ፤ አብረዋቸው የመጡት የኮሌጁ ዲንም እጃቸውን ጋሪው ላይ አድርገው ፎቶግራፍ ተነሡ።

ብዙም ሳይቆይ ያ ፎቶግራፍ የቤት ያህል ገዝፎ በኮሌጁ አጥር ላይ ተሰቀለ። ጋሪው አለ፤ ዲኑ አሉ። ከኋላ ቆመው የነበሩት ልጆች ተቆርጠው ወጥተዋል፤ የመብረቅ አንድ ትከሻ ብቻ ከዳር ቀርቷል። እኅታችን መብረቅን ይዘው ዲኑ ቢሮ ገቡና፣ “ሥራዋን ሰቅላችኋል፤ እርሷን አስገቡ። ካላስገባችሁ አውርዱት” አሉ። ዲኑም ሁለት ምርጫ ቀርቦላቸው አወረዱት። ይህን የማነበው ለሐሜት አይደለም፤ ዲኑ ዛሬ በመካከላችን ስላሉ፣ በጀርባ ከሚነገርባቸው ፊት ለፊት ቢሰሙት ስለሚሻል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የደጅ ጥናት ዘመን ነው። እኅታችን የኮሌጁን የቅበላ ደንብ ለማስለወጥ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ “ነገ ይምጡ” ይባላሉ፤ እርሳቸውም ነገ ይመጣሉ። አንድ ባለሥልጣን ፀሐፊያቸውን “የለም በያቸው” ብለው ሲያዝዙ በግድግዳው በኩል ሰምተው፣ “ሲመለሱ አለሁ በያቸው” ብለው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ጋራዡ ግን አንድም ቀን አልተዘጋም። እዚያ የተማሩት ዛሬ የውሃ ፓምፕ ይጠግናሉ፣ በሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ያድሳሉ፣ ሰው ሠራሽ እጅ ይሠራሉ። ይህንንም የሚሠሩት ቤት ውስጥ ተደብቀው ሳይሆን በየሰፈራቸው በአደባባይ ነው።

ኩላሊታቸው የታመመው በዚሁ ልፋት መካከል ነው። ሐኪም ዕረፍት ቢያዝዝላቸው፣ “ዕረፍት ለማን አስረክቤ?” እያሉ ቆዩ፤ ኋላ ግን አልጋው አሸነፋቸው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እየተፈራረቁ አስታመሟቸው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መብረቅ እየሮጠች ሆስፒታል መጣችና፣ ደንቡ ተለወጠ፣ ኮሌጁ ተቀበለኝ ብላ በእጇ ነገረቻቸው። እኛ ሁላችን አለቀስን። እኅታችን አላለቀሱም። ክንዳቸው ላይ የተሰካውን መርፌ ሳያንቀሳቅሱ በአንድ እጃቸው “ስንት ሆናችሁ?” ብለው ጠየቁ። መብረቅ አንድ ጣት አሳየች። ፊታቸው ጠቆረ፤ “አንድማ ለፎቶ ነው። ሌሎቹስ?” አሉ። ከዚያም ጉንጯን በመዳፋቸው ይዘው “ግቢ፤ ገብተሽ በሩን ከውስጥ ያዢው” ብለው አዘዟት።

ይህ ከሆነ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ትናንት ማለዳ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ኮሌጁ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ አመስግነን ተቀብለነዋል። በጉንጉኑ ላይ “የማንረሳዎት ባልደረባችን” የሚል ተጽፏል። እኛም እንዳይረሱ በየሳምንቱ ኮሌጁ እየሄድን ለማስታወስ ተስማምተናል።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውንና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ ዛሬም በእጃቸው የሚያወሩንን አረጋዊት እናታቸውን፣ ይህን የሚያነብ ወንድማቸውን፣ በኮሌጁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሆነችውን መብረቅን፣ የጋራዡን ልጆች በሙሉ፣ ደግሞም ከዚያው ሰፈር አመልክተው ተቀባይነት ያላገኙትን፣ ስማቸውን አንድ በአንድ የምናውቀውን ልጆች፣ ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ቁልፍ በሌለበት ሥፍራ ያሳርፍልን። ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለእናታችን መጽናናትን ይስጥልን። ለእኅታችን ዕረፍት፤ ለእኛ ግን እነዚያ ልጆች እስኪገቡ ድረስ ዕረፍት አይስጠን። አሜን።