ያልተቆጠሩት ከብቶች

አዘዞ ውስጥ ለጀማሪዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ቀላል መልመጃ ሰጠሁ፦ ፕሮግራሙ የቤተሰባችሁን ከብት ብዛት ይጠይቅ፤ ከዚያ ከአንድ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ እየቆጠረ እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ አባዝቶ ያውጣ። የሌሎቹ ሠራ። ከገጠር፣ ከትክል ድንጋይ የመጣች አንዲት ተማሪ ግን ፕሮግራሙን ጽፋ ጨርሳ፣ ቁጥር የሚገባበት ቦታ ባዶ እንደሆነ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«ከብት የላችሁም?» አልኳት።

«ኧረ ሞልቶናል፣ መምህር።»

«ምነው ታዲያ አታስገቢም?»

«አባቴ ከብት አይቆጥርም። ማታ ሲገቡ በየስማቸው እየጠራ ነው የሚያያቸው። የተቆጠረ ይጎድላል ይላል።»

«ለመልመጃ ነው እኮ! ዝም ብለሽ አምስት በይ።»

«አምስት ብዬ አምስት ብቻ ቢቀሩስ?»

የከተማ ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ባዶ ስክሪን ማርክ እንደማያሰጥ ነገርኳት። «ይቅርብኝ» አለች። ክርክሩ ሰለቸኝና «በቃ ከብቱን ተዪው፤ ድንጋይ ቁጠሪ» አልኳት። ወዲያው አስር አስገባች፤ አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ እያለ እስከ መቶ ወረደ። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

ቤቴ ገብቼ የሚቀጥለውን መልመጃ ከፈትኩ። «የልጆችዎን ቁጥር ያስገቡ» ይላል። እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም። ግን መልመጃውን ለተማሪ ከመስጠቴ በፊት ሁልጊዜ በራሴ ነው የምሞክረው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ልጆች» የሚለውን አጥፍቼ «ድንጋዮች» ብዬ ጻፍኩ።

እናንተም ስንት ልጆች እንዳሉኝ አትጠይቁኝ።