አባ ይመር አልምልም ያሉበት እሑድ

በእኛ ጊዜ ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በጥቅምት መጨረሻ ላይ በዋለ አንድ እሑድ ነው። «በእኛ ጊዜ» ስል አትሳቁብኝ፤ አምስት ዓመት እንደሆነው አላጣሁትም። ጦርነት የገባበት አምስት ዓመት ግን እንደ ሌላው አይቆጠርም። ያኔ ጺሜ ጥቁር ነበር፣ ይኸው አሁን እዩት። እና ነገ ለልጄ ለሰሚራ ሽማግሌ ስለሚመጣ፣ ዘመዱም ሁሉ ስለተሰበሰበ፣ ዛሬ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። አባ ይመርም ይኸው እዚያ ጥግ ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚስቴ የሀዋ አባት። ያልሰሙ መስለው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ይሰማሉ! የማይሰሙት የማይፈልጉትን ብቻ ነው።

ታዲያ በዚያ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ አባ ይመርና እማ ዘሀራ ከግራና በላይ ካለው ቀበሌያቸው የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ወልድያ እኛ ዘንድ መጡ። ማሽላው እስኪደርስ አንድ ወር ይቆያሉ ተባለ። እኔም አሰብኩ። ልጃቸውን ካገባሁ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «አማቼ» ብለውኝ አያውቁም። ሀዋን ሲጠይቋት እንኳ «ያ አስተማሪ ገባ ወይ?» ነው የሚሉት። ያ አስተማሪ! ልክ ሌላ አስተማሪ ደግሞ በጓሮ በር የሚመጣ ይመስል። ለምን ቢባል የደሴ ልጅ ነኝ፣ በሬ ጠምጄ አላውቅም፣ ያለኝ ዲግሪ ብቻ ነው። እና እኔ ምን አልኩ? በየእሑዱ ሽርሽር ላውጣቸው፣ አገሩን በጂኦግራፊ ላስረዳቸው፣ ያኔ «ይህ ሰው የኔ ነው» ይሉኛል አልኩ። ሞኝ ነኝ።

በመጀመሪያው እሑድ ሲሪንቃ ወሰድኳቸው። ከመንገዱ ዳር ቆመን የእርሻ ምርምሩን ማሳ እያሳየሁ፣ «አባ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ሙከራ ነው፤ እያንዳንዱ መደብ የተለየ የማሽላ ዘር ነው፤ ስሙ እዚያች ሰሌዳ ላይ ተጽፏል» አልኳቸው። አባ ይመር ከዘራቸውን ተደግፈው ብዙ አዩ፣ ብዙ አዩና፣

«ስሙን የጻፉለት ወፏ አንብባ እንድትመርጥ ነው?» አሉኝ።

በሁለተኛው እሑድ መርሳ ሄድን። ብርቱካኑ ለምን እዚያ እንደሚሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት እንደሆነ አስረዳሁ። እማ ዘሀራ አቋረጡኝና፣ «ባሕሩ የት አለ?» አሉ። «እዚህ የለም፣ እማ።» «ታዲያ የሌለውን ባሕር ምን አስጠራህ?» ልጆቼ ሳቁ። ሀዋም ሳቀች። አባ ይመር ብርቱካኑን ልጠው ለሁሉም አዳረሱ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ልጣጩ ቀረ። ይህን ቂም አልያዝኩትም። እየነገርኳችሁ ነው እንጂ አልያዝኩትም።

ሦስተኛው እሑድ የሐራ ነው፤ ባቡሩን ላሳያቸው።

«ባቡሩ ስንት ሰዓት ይመጣል?» አሉኝ አባ ይመር በዋዜማው።

«ባቡሩ ገና አልመጣም፤ ሐዲዱ ነው የተዘረጋው።»

«ታዲያ ምን ልናይ ነው?»

«ሐዲዱን።»

«በሬ በሌለበት ሞፈር ልታሳየኝ?»

ያን ሰሞን ነው እንግዲህ ጦርነቱ ተጀመረ የተባለው። ሳምንትም አልሞላውም። ሀዋ «ይቅርብን፣ ሰው ሁሉ ፈርቷል» አለች። እኔ ታዲያ አፌን ሞልቼ፣ «ሀዋ፣ ጦርነቱ የት፣ ሐራ የት! እኔ እኮ የተማርኩት ይህንኑ ነው። በመሬቱ አቀማመጥ ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድ የለም» አልኳት። ዓመት ሳይሞላው በየትኛው መንገድ እንደመጣ እናንተም በእግራችሁ ስትሸሹበት አይታችሁታል። ልጆቹም እንዲገባቸው ብዬ የሽርሽራችንን ካርታ ሣልኩ፤ ሐዲዱን በቀይ፣ ወንዙን በሰማያዊ፣ ኮረብታውን በቡናማ። አንድ ቀስት አደረግኩና «መግቢያ» አልኩ። ሌላ ቀስት አደረግኩና «ከዚህ ላይ ሁሉም ይታያል» ብዬ ጻፍኩ። ቆንጆ ካርታ ነበር። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። መታወቂያዬን ግን ሌላው ኮት ውስጥ ረሳሁት። ካርታ ይዞ መታወቂያ የረሳ ሰው፣ በጦርነት ሳምንት!

ጠዋት ሁለት ባጃጅ ያዝን። ሀዋና ልጆቹ ምሳውን ይዘው ከፊት ሄዱ። ምሳው የዶሮ ወጥ ነው፤ ፈረሰኛዋ ለኔ ተብላ ለብቻ ተጠቅልላለች፣ ይህን አትርሱብኝ። እኔ ከአባ ይመርና ከእማ ዘሀራ ጋር ከኋላ ነኝ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ገመድ ተዘርግቷል፤ ኬላ። የሀዋን ባጃጅ ሴትና ልጅ ነው ብለው አሳለፉት። እኛን አስወረዱን። አንድ ሚሊሻ መታወቂያ አለ፤ የለኝም። ኪስህን አለ፤ ካርታው ወጣ።

ሚሊሻው ካርታውን ገለበጠው፣ መለሰው። «ከዚህ ላይ ሁሉም ይታያል» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበ። ከዚያ ስልኬን ወሰደ።

«ምንድን ነህ አንተ?»

«አስተማሪ ነኝ። የጂኦግራፊ። ከአማቶቼ ጋር ሽርሽር ላይ ነን።»

«በዚህ ሳምንት ሽርሽር?» አለና ወደ እማ ዘሀራ ዞረ። «እማማ፣ የዚህ ሰውዬ ስም ማን ነው?»

ታዲያ በእነሱ ቀበሌ አማት የልጇን ባል ስም አትጠራም። ነውር ነው። እማ ዘሀራ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ሳቡና፣ «ኧረ እኔ አልጠራም!» አሉ።

«ለምን?»

«የልጄ ባል ነዋ! እንዴት ስሙን እጠራለሁ? አንተ አማት የለህም?»

«አላገባሁም።»

«ለዚያ ነዋ ሰው እንዲህ የምታንገላታ!»

እኔ ልቤ መለስ አለ። ዋናው ነገር ተነግሯል፣ የልጄ ባል ተብሏል። ሚሊሻውም መለስ ሊል ነበር፣ ፊቱ ፈታ ብሏል። እንዲያው ለወጉ ያህል ወደ አባ ይመር ዞረና፣ «አባባ፣ እንግዲህ እርስዎ ያውቁታል፤ ዋስ ይሁኑትና ይለፍ። ወላሂ አውቀዋለሁ ይበሉኝ፣ ይበቃኛል» አለ።

አያችሁ፣ ሁለት ቃል። አውቀዋለሁ፣ ወላሂ። አባ ይመር ከዘራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። እኔን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቱኝ፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲያ አይተውኝ አያውቁም።

«ልጄ» አሉት ሚሊሻውን፣ «መሐላ ከባድ ነው።»

«አዎ፣ አባባ፣ ግን ያውቁታል አይደል?»

«የሰውን ልብ የሚያውቅ አላህ ነው። ፊቱን አውቀዋለሁ። እኛ ቤት ይመጣል። ይበላል። ይሄዳል። ወላሂ አውቀዋለሁ ብዬ ግን አልምልም።»

«አባ!» አልኩ እኔ። «አባ፣ ምን ነካዎት?»

«ካርታውን ማን ሣለው?» አለ ሚሊሻው፤ ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

«እሱ ነው። ሲሥል አይቻለሁ።» ለዚህ ጊዜ መሐላም አላስፈለጋቸው!

«ለምንድን ነው የሣለው?»

«እንጃ። ለኔ ባቡር ላሳይዎ ነው ያለኝ። ባቡሩ ግን የለም አሉ።»

አለቀ። ሚሊሻው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ወደ ባጃጁ ሹፌር ዞርኩ፤ ሹፌሩ «እኔ የማውቀው ጎማ ነው» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። እና ሁለቱ አማቶቼ ተሳፈሩ። ተሳፈሩ! አባ ይመር ከባጃጁ ብቅ ብለው፣ «አብሽር፣ እውነት ያለው ሰው አይፈራም» አሉኝና ወደ ሐራ ሄዱ። እኔን ሚሊሻዎቹ አንድ ግራር ሥር አስቀመጡኝ።

እዚያስ ምን ሆነ? ሀዋ ናት የነገረችኝ። «እንድሪስስ?» ብላ ጠየቀች። አባ ይመር ደግሞ፣ «ከሚሊሻዎቹ ጋር ጨዋታ ይዟል» አሉ። ሀዋም፣ ከአባቷ የከፋች፣ «እሱ ማስረዳት ከጀመረ አይጨርስም» ብላ ምሳውን ዘረጋች። ሐዲዱን አዩ፣ በሐዲዱ ላይ ሄዱ። ፎቶ ተነሡ፤ ያ ፎቶ ይኸው ግድግዳው ላይ ነው፤ ሁሉም አለ፣ እኔ የለሁም፤ ያ ጫፍ ላይ የሚታየው ፍየል ነው። ፈረሰኛዋንስ ማን በላት? አባ ይመር፣ ይሰማሉ? ማን በላት?

እኔ እስከ አሥር ሰዓት ግራሩ ሥር ነበርኩ። የሚለዋወጠው ሚሊሻ ሁሉ እየመጣ ካርታውን ያይና እኔን ያያል። አንዱ «ሰላይ ነው» ይላል፣ ሌላው «ሰላይ እንዲህ አሳምሮ አይሥልም» ይላል። አትሳቁ፤ በዚያ ሳምንት እንዲያ ተይዞ ያልተመለሰ ሰው ሊኖር ይችላል ብዬ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሼ ነበር። በመጨረሻ ተራ ሊቀበል የመጣ አንድ ጎልማሳ ከሩቅ አየኝና ጮኸ፤ «መምህር እንድሪስ!» ቀና አልኩ። «ታውቀዋለህ?» አሉት። «ወላሂ አውቀዋለሁ! እንዴት አላውቀውም፣ ሦስት ጊዜ የጣለኝ እሱ አይደል!» አለ። ለቀቁኝ። አያችሁ ፍርዱን? በፈተና የጣልኩት ሰው ሳያመነታ ማለልኝ፤ የልጅ ልጆች የወለድኩላቸው ሰው አልማሉልኝም።

ታዲያ አልክድም። በሚቀጥለው ክረምት ጦርነቱ ያን የለም ባልኩት መንገድ ሲመጣ ልጆቹን ይዤ በእግሬ የሄድኩት እኒሁ ሰውዬ ቤት ነው። አራት ወር አበሉኝ። ማሽላቸውን ከጉድጓድ አውጥተው፣ እርሳቸው ሳይጠግቡ እኔን አበሉኝ። ትዝብቴን ግን አልተውኩም። ማብላት ሌላ፣ መመስከር ሌላ። በአራቱ ወር ውስጥ አንድ ቀን ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አሉኝ።

እና አሁን ነገ ሽማግሌ ይመጣል። በደንቡ መልስ የሚሰጡት የቤቱ ታላቅ አባ ይመር ናቸው። ሽማግሌዎቹ «የልጅቷ አባት ማን ነው፣ ያውቁታል ወይ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰሚራ ያንን ልጅ ትወደዋለች። እኒህ ሰው ደግሞ ከዘራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውረው «ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል» ቢሉስ?

ምን ያስቅዎታል? አይ፣ አይሳቁ! እናንተም አትሳቁ። ሰሚራ፣ ያን ሙስበሃ ከአያትሽ እጅ ተቀበያቸው፤ ቁጥር ላይ ነኝ እንዳይሉኝ። አባ፣ ልብ የሚያውቅ አላህ ነው፣ እሺ፣ እሱን ተቀብያለሁ። እኔ የምጠይቅዎ ያንን አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት አማችዎ ነኝ፣ ማሽላዎን በልቻለሁ፣ ፈረሰኛዬን በልተዋል። እዚህ ሁሉም ባለበት፣ ሽማግሌ ሳይመጣ፣ አንድ ጊዜ ይመልሱልኝ፤ ያውቁኛል ወይስ አያውቁኝም?