ቤት የተሳሳቱ ሽማግሌዎች

የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። አንድ ቀን ብቻዬን ገብቼ አንድ ታካሚ መርፌ ልወጋው ስል፣ ክንዴን ሰበረኝ። አለቃዬ «ምን ይደረግ፣ ሥራው ነው» ብሎ አለፈው። ተናድጄ ሥራውን ልለቅ ስሰናዳ፣ የታካሚው አባት ካገራቸው ከይፋግ ሽማግሌ ይዘው ሊክሱኝ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ኧረ አባቴ! የታመመ ሰው ምን ያጠፋል? ብቻዬን ያስገባኝ አለቃዬ ነው» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነማ ቤት ተሳስተናል» ብለው ብድግ አሉ። ቀጥታ አለቃዬ ቢሮ ገቡ። «ልጄ፣ በዳዩ አንተ ሆነህ አገኘንህ። ካሳትና ታረቃት!» አሉት። ሊስቅ ሲል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ለካ ጡረታ የወጡ ዳኛ ኖረዋል፣ «ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው» አሉት። ሳቁ እዚያው ቀረ።

ካሰኝ፤ አብሮኝ የሚገባ ነርስም መደበልኝ። እኒያ አባት ዛሬም ልጃቸውን ለክትትል ይዘው ሲመጡ፣ ስለ ልጃቸው ከማንሣታቸው በፊት «ልጄ፣ ዛሬስ ብቻሽን ነሽ?» ይሉኛል። እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ!