በደወል የሚዋጥ ኪኒን

በአገራቸው አጠራር ‹ባርባ›፣ አባባ ማለት ነው፣ የሚባሉት ስትራቲስ ከአንዲት የግሪክ ደሴት ወደ ከተማ በምትሄደው የጠዋት መርከብ ላይ ሰው እንዳያነጋግራቸው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ትናንት ሐኪሙ ደውሎ «የደምዎ ውጤት አላማረኝም፤ ነገውኑ ይምጡ» ካላቸው ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም። በሆዳቸው ያለው ኩላሊት አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው የኤርሚዮኒ ነው፤ ከሰጠቻቸው አራት ዓመቷ። እሱ ከተበላሸ ሌላ እህት የላቸውም።

ከሰው የሸሸ ሰው ያገኘዋል። የጎረቤታቸው ልጅ ሜልፖ ከተማ ነርስ ናት፤ ፋሲካን ከወላጆቿ ጋር ውላ ስትመለስ አየቻቸውና አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ባርባ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ሐኪሞቹ ናቸው ነገር የሚፈልጉ። እኔ ኪኒኔን አንድ ቀን እንኳ ዘልዬ አላውቅም።»

«በምን ያስታውሳሉ?»

«በደወል ነዋ። ቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተለጠፈ ነው። ጠዋት ሲደወል አንዱን፣ ለሠርክ ሲደወል ሌላውን። አያቴም ፍየሎቹን የሚያልበው በዚሁ ደወል ነበር።»

«ስልክዎ ላይ የሚጫን መተግበሪያ አለ እኮ። ሰዓቱ ሲደርስ ይጮኻል፤ ‹ዋጥኩ› ብለው እስኪነኩት አይለቅዎትም። ቢውጡም ቢዘሉም ለመረጡት ሰው ይነግራል።»

«አሳባቂ በኪሴ ይዤ ልዙር? ደግሞስ ባትሪው ሲያልቅ? ደወል ባትሪ አይፈልግም።»

«ባትሪውን ማታ ማታ መሰካት ነው። ደወሉ ግን የተሰቀለው ለጸሎት እንጂ ለእርስዎ ኪኒን አይደለም። እስቲ ይንገሩኝ፣ የስቅለት ዕለት በየትኛው ደወል ዋጡ?»

ባርባ ስትራቲስ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የስቅለት ዕለት የሐዘኑ ደወል ከጠዋት ጀምሮ ሲደወል ነው የዋለው፤ የእኔ የቱ ነው ሲሉ የጠዋቱንም የማታውንም ሳይውጡ መሸ። ቅዳሜ ማታ ደወሉ የተሰማው ለትንሣኤ፣ አምስት ሰዓት ላይ ነው። እሑድ ጠዋት ደግሞ ቄሱም ደዋዩም መንደርተኛውም እንቅልፍ ላይ ስለነበር ደወል አልተሰማም።

«ሦስት ዘልያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የቅዳሜ ማታውም አርፍዷል። ልጄ፣ ኩላሊቱን ገደልኩት ማለት ነው?»

«አልዋሽዎትም፣ ያንን የሚያውቀው ምርመራው ነው። መድኃኒቱ ሰውነትዎ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ እንዳይወጋው ይከላከላል። በዓል ቢሆን ባይሆን በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ መዋጥ አለበት። መዝለልዎን ካልነገሩት ደግሞ ሐኪሙ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። እትዬ ኤርሚዮኒ ያውቃሉ?»

«ማታ ማታ ‹ዋጥክ?› ስትለኝ ‹ኩላሊቱን ስትሰጪኝ ዘበኝነትም ተቀጠርሽ?› አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።»

ክፉ ሆነው አይደለም። በሽተኛ ስለ መድኃኒቱ ሲጠየቅ የሚቆጣው ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው፤ ቁጣው የሚያርፈው ግን በሚወደው ሰው ላይ ነው። እሳቸውም ይህንን ያወቁት አሁን ነው፤ አፈሩ።

ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «እንኪ፣ ጫኚልኝ።»

«ለማን ይንገር?»

«ለእሷ።» ሜልፖ የኤርሚዮኒን ቁጥር አስገብታ መልእክት ላከችላት።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ሦስቱንም አንድ በአንድ ተናገሩ። ሐኪሙም ምክንያቱን ከማወቁ የተነሣ ሕክምናውን ያለ ግምት ጀመረ። «ኩላሊቱ ተጎድቷል፤ ግን በጊዜ መጥተዋል። ጥቂት ቀን እዚህ ይተኛሉ፤ እናያለን» አላቸው። ከእንግዲህ ያለው መዝገብ ስልኩ ውስጥ ስላለ፣ በየቀጠሮው ‹ዘልዬ ይሆን?› እያሉ ማስታወስ ቀረላቸው።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ዋጡ፤ ነኩት። ከዚያ ጥቂት አመነቱና ለእህታቸው ደወሉ።

«ኤርሚዮኒ፣ በበዓሉ ሦስት ኪኒን ዘልያለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ከቤት ስትወጣ ብልቃጡን እየከፈትኩ እቆጥር ነበር። እንዳትቆጣኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ባርባ ስትራቲስ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ከእንግዲህ አትቁጠሪ። የዛሬውን ውጫለሁ።»

«ስልኬ ነግሮኛል። መልእክቱ ከደረሰኝ ጀምሮ ከእጄ አላስቀመጥኩትም።»