ከደም ብልቃጥ የተላጠው ባርኮድ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋና ሥራዬ መጠበቅ ሆኗል። ያን ቀንም ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ኮሪደር ላይ ውጤቴን ስጠብቅ፣ ወንበሩ ወገቤን ጨርሶት ነበር። አጠገቤ ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ መጥተው ተቀመጡ። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት እንደሚባሉ፣ በጣና ዳር ባለ ደብር ዜማ እንደሚያስተምሩ፣ ባለቤታቸው ወለተ ሩፋኤል ደም አንሷቸው ፎቅ ላይ እንደተኙ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በእጃቸው የደም ብልቃጥ ይዘዋል። እንደ ልማዳችን ደሙን ከአልጋ ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው አስታማሚው ነው።

ተራቸው ደርሶ ብልቃጡን በመስኮት አቀበሉ። ባለሙያዋ ተስኒም የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ ከጧት ጀምሮ ስለቆመች ዓይኖቿ ቀልተዋል። ብልቃጡን አገላብጣ አየችው።

«አባባ፣ ባርኮዱ የታለ?»

«ላጥሁት።»

«ለምን ላጡት?»

«የባለቤቴ ደም በአውሬው ምልክት አይታተምም። ስሟን በእጄ ጽፌ በክር አስሬልሻለሁ።»

እኔ ይህን ወሬ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። እዚሁ በሰፈሬ በግሽ አባይ ሳሙና ገዝተው የባርኮዱን መስመር በመቀስ ሳይቆርጡ ቤት የማያስገቡ ጎረቤቶች አሉኝ። ከእነሱ ጋር መከራከር ታክቶኝ ከተውኩት ቆይቷል። ልጅቱ ግን ደክሟትም አልተወችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አውሬው የቱ ጋ ነው ያለው?»

«በሁለቱ ጫፍና በመሀሉ ረዘም ያሉ መስመሮች አሉ። እያንዳንዱ ስድስት ነው አሉ፤ ሦስቱ ሲገጠሙ የአውሬው ቁጥር 666።»

«ረጃጅሞቹ የሱቅ ዕቃ ላይ ናቸው። ማሽኑ ቁጥሩ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚጋመስና የት እንደሚያልቅ ይለይባቸዋል እንጂ ስድስት አይደሉም። የላጡት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ የባለቤትዎን የካርድ ቁጥር ብቻ ነው የያዘው።»

«ዓይነትም አለው?»

«አለው እንጂ። የዘይቱና የሳሙናው ዕቃው የማን እንደሆነና ምን እንደሆነ ለባለሱቁ ይነግራል። መድኃኒት ካርቶን ላይ ያለችው ትንሽ ነጠብጣብ ያለባት አራት ማዕዘን፣ መድኃኒቱ በየትኛው ዙር እንደተሠራና መቼ እንደሚያልፍበት ትይዛለች፤ የተበላሸው ከየሱቁ የሚሰበሰበው በእሷ ነው። ሰው በስልክ የሚከፍልበትም የእሷ ዘመድ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ሻንጣ ያለ መስመር ቢጫን፣ ጎንደር ሲጠበቅ ጅማ ያድራል።»

«እኔ ሻንጣ የለኝም» አሉ መሪጌታ።

ተስኒም ተነፈሰችና ሌላ ብልቃጥ አነሣች።

«ዛሬ ሁለት ወለተ ሩፋኤል አሉኝ፤ አንዷ ከመራዊ የመጡ ናቸው። በስም ብቻ ብሄድና ደማቸውን ባቀያይረው፣ ለባለቤትዎ የማይስማማ ደም ይሰጣቸዋል። ያ ደም ይገድላል፣ አባባ።»

«የክርስትና ስሟ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ላላ ብሎ። «እግዚአብሔር ያውቃታል።»

«ያውቃቸዋል። የማላውቃቸው እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። «መሪጌታ፣ የዜማ መጽሐፍዎ ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ ለእርስዎ ግን ድምፁ የት ወርዶ የት እንደሚነሣ ይነግርዎታል። ተማሪዎ ምልክቱን ቢፍቀውስ?»

«ዜማው ይፋለሳል» አሉ። ከዚያ ብልቃጡን አዩት። «እኔው ፋቅሁት በሉኛ። አሁን ምን ይሻላል፣ ልጄ?»

«እንደገና ይቀዳ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ጧት የባለቤታቸው የደም ሥር ጠፍቶ ነርሶቹ ደጋግመው ወግተዋቸው ነበር። ብቻቸውን ሲወጡ ማየት ስላልሆነልኝ አብሬያቸው ፎቅ ወጣሁ።

«ወለተ ሩፋኤል፣ ደግሞ ሊወጉሽ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምልክቱን ላጥሁት» አሏቸው።

ሴትዮዋ ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራቸውም። «እንዲያው ምን ልሁንልህ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ያልተወጋውን ክንዳቸውን ዘረጉ። መሪጌታ ሁለተኛውን ብልቃጥ መስመሩን ሳይነኩ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወረዱ።

በማግስቱ ልጠይቃቸው ስሄድ ነርሷ የደም ከረጢት ይዛ ገባች። መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ።

«መስመሩን አነበብሽው?»

ነርሷ በመሣሪያዋ መጀመሪያ ከረጢቱ ላይ የተለጠፈውን የሴትዮዋን የካርድ ቁጥር መስመር፣ ቀጥላም በእጃቸው አንጓ ላይ በታሰረው ወረቀት ያለውን አነበበች። ሁለቱ ገጠሙ። የዚህ ነገር ጥቅም ይኸው ነው፤ የደከመ ሰው ዓይን ይሳሳታል፣ ስም ከስም ይመሳሰላል፣ በጥድፊያ የተጻፈ ቁጥር ይዛነፋል። መስመሩ ግን ሱቅም ሆነ መጋዘን፣ መድኃኒት ቤትም ሆነ ሐኪም ቤት፣ ይህ ዕቃ የዚያ ነው ብሎ ይለያል። እንደ ሁሉም መሣሪያ አውቆ ለተጠቀመበት ሰው ያገለግላል።

ደሙ መውረድ ሲጀምር መሪጌታ ወደ ነርሷ ዞሩ። «የሰጠው ሰው ማን ይባላል? በጸሎት ላስበው።»

«ስም አይጻፍበትም፣ አባቴ። ከማን እንደመጣ ከረጢቱ ላይ ባለው በሌላኛው መስመር ቁጥር ብቻ ነው የሚታወቀው።»

«ክርስቲያን ይሁን እስላም?»

«እሱንም አናውቅም።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ከረጢቱ ጠጋ አሉና፣ ስም በሚጠራበት ቦታ ከሰጪው መስመሮች ሥር ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ እየጠሩ ጸለዩለት።