ቮልቱ ያልገጠመ ስለት

በእኛ ጊዜ ስለት ማለት ጃንጥላ ነበር፣ ምንጣፍ ነበር፣ ሲበዛ መጋረጃ ነበር፤ ይዘህ ትሄዳለህ፣ እልል ይባልልሃል፣ ትመለሳለህ፣ አለቀ። ጃንጥላ ቮልት የለው። ኧረ ቆዩ አትሳቁ፣ ገና መች ጀመርኩና።

ታዲያ ልጄ ሰላም የመጀመሪያዋን ልትወልድ ስትል ሐኪሞቹ አስፈራሩን፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል አሉን። እኔም ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን ተደግፌ፣ ሚካኤል፣ ሁለቱንም በሰላም ካወጣህልኝ ድምፅ ማጉያ አስገባልሃለሁ፣ ለጥምቀት ሕዝቡ ሁሉ ይሰማዋል አልኩት። የቤተ ክርስቲያናችን የድሮው እያሳለው ነበር የሚውለው፣ ከፊት ከቆሙት በቀር ማን ይሰማል። እና ወለደች፣ እሰይ፣ ድንቡሽቡሽ ያለ ወንድ ልጅ።

ያን ዓመት ለለቅሶ አዲስ አበባ ሄጄ ነበርና መርካቶ ገባሁ፣ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ባለ ጎማ ድምፅ ማጉያ መረጥኩ። ባለሱቁን አሜሪካ ይሠራል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ መብራት የትም መብራት ነው እናቴ፣ ጥርሱን ብቻ ይቀይሩለት ብሎ አዳፕተር መረቀልኝ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ በቀጥታ እዚያው አዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ጠበል አስረጨሁት። ደግነቱ አልተሰካም ነበር።

እዚህ አሜሪካ፣ ሎውሪ ሰፈር፣ ሰላም ቤት ደርሰን ስንሰካው ግን ምን ይተንፍስ፤ ቀይ መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ እሱ እንደ ታማሚ ያቃስታል፣ በቃ። የሰላምን ባል፣ አማቼን ዳንኤልን ጠራሁት። ዳንኤል ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያሉትን አፓርትመንቶች ማሞቂያ ፊክስ የሚያደርግ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ጴንጤ ከመሆኑ በቀር ምንም አይወጣለትም። እና ጀርባውን አየና፣

«እማዬ፣ ይሄ የለመደው ሁለት መቶ ሃያ ነው፤ የዚህ አገር ግድግዳ የሚሰጠው መቶ አስር ነው። ግማሽ ራት አብልተውት እንዴት ይጩህልዎ?» አለኝ።

እዚሁ ሌላ እንግዛ አለ። አይ፣ እንዴት ተደርጎ። ጠበል የተረጨ ስለት ይለወጣል? ሚካኤልን፣ ይቅርታ፣ ያንተ ቮልቱ አልገጠመም ይሉታል? እስቲ እናንተ ትሉታላችሁ?

ዳንኤልም አልተከራከረኝም፤ ላውንደሪ ክፍል ገብቶ የልብስ ማድረቂያውን ጎተተና ከጀርባው ያለውን ትልቁን ሶኬት አሳየኝ። ለካስ እዚህ አገር ሁለት መቶ ሃያውን የሚሰጡት ለልብስ ነው። የሚሆን ገመድ አበጅቶ ሲሰካው፣ እናንተዬ፣ ቤቱ ተናወጠ፣ ሕፃኑ ከእንቅልፉ ባንኖ ጮኸ። እኔም፣ ታዲያ ቄሱን ላውንደሪ ልናስገባቸው ነው? አልኩት። ትልልቅ ጄኔሬተርም እንዲህ ያለ ሶኬት አለው፣ ከሥራ ቦታዬ ለምኜ አመጣለሁ አለኝ፣ አመጣም።

የጥምቀት ዋዜማ ታዲያ ብርዱ የአፍንጫ ጠጉር የሚያደርቅ ሆነ። ጄኔሬተሩ ፒክአፑ ላይ ነው የሚያድረው፤ አሳዘነኝና ጋቢዬን ደርቤለት ገባሁ። ጠዋት ፓርኩ ደርሰን፣ ታቦቱ ወጥቶ፣ ሕዝቡ በረዶው ላይ እግሩን እየጠበጠበ፣ ዳንኤል ገመዱን ቢጎትት፣ ቢጎትት፣ እህ ብሎ ዝም። ዘይቱ እንደ ማር ረግቷል። ኧረ እኔ አልብሼው ነው ያደረው ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ፤ ጋቢ እኮ የራሱ ሙቀት ላለው ነው እማዬ፣ ይሄ ብረት ነው፣ ቢያለብሱት ብርዱን ይዞ ነው የሚያድረው አለኝ። እኔ ከመቼ ወዲህ የብረት ሐኪም ሆኜ ልወቅ!

ከዲያቆናቱ ጋር ተሸክመው ቫን ውስጥ አስገቡት፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ለቀቁበት፣ ጠበቅን። አባ ያዩኛል፣ እኔ መሬት አያለሁ። አንዷ ደግሞ ከኋላዬ፣ የድሮው ይሻል ነበር ትላለች። የማን ስለት እንደሆነ አጥታው መሰላችሁ? ሽቦ የሌለውን ማይክ ደግሞ ባትሪው ብርድ አይወድም ብለው ለእኔ ሰጥተውኛል፣ ነጠላዬ ሥር ብብቴ ውስጥ ሸጉጬዋለሁ። ማጥፊያ እንዳለው ማን ነገረኝ?

ጄኔሬተሩን አውርደው ራቅ አድርገው አስቀመጡት፣ ዳንኤል እንደገና ገመዱን ያዘ። እኔም ፊቴን አዙሬ ከሚካኤል ጋር ተጣላሁ፣ አጉረመረምኩ። ለካ እኔ ሳጉረመርም ሞተሩ ተነሥቷል፣ እኔ ከንዴቴ የተነሣ የት ሰምቼው። ፓርኩ በሙሉ እንዲህ ሲል ሰማሁት፣ በገዛ ድምፄ፦

«ሁለት ነፍስ ሰጥተኸኝ በአንድ ማሽን ታዋርደኛለህ? እኔን ተወኝ፣ ይሄን ጴንጤ እየው እንጂ! ለማያምንበት ስለት ጣቱ እስኪደርቅ ገመድ ሲጎትት። እኔው ራሴ ብወልደው ከዚህ በላይ አይሆንልኝም።»

ዳንኤል ገመዱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ብርዱ ነው ይላል እስካሁን። ከዚያ ያቺው የድሮው ይሻላል ያለችው ሴትዮ እልልታውን አቀለጠችው፣ ሁሉም ተቀበላት። ማይኩን ከብብቴ አውጥቼ ለአባ ስሰጣቸው፣ ስለትሽ ደርሷል፣ ሰማነው አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬም ደስ ብሎኝም አላውቅ።

«ዳንኤልስ ምንም አላልዎትም?» ትሉኛላችሁ። 

ምን ይላል፣ ያን ያህል ዘመን ያልነገርኩትን በድምፅ ማጉያ ሰምቶ። ማታ ወደ ቤት ሲነዳ ግን፣ «እማዬ፣ ለሁለተኛው ልጅ ሲሳሉ አደራዎን በመቶ አስር ይሳሉ» አለኝ። ሰላም ማርገዟን ያወቅኩት ያኔ ነው።