ሰው አንስታ ምርኩዝ የምትመርጠው አሰልጣኝ

እንደምን ዋላችሁ። የእኔም የጡረታ ሽኝት የተደረገው እዚሁ አዳራሽ ነበር። ኬኬን በላሁ፣ ተጨበጨበልኝ፣ በማግስቱ የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤቴን እንደ ወትሮዬ ከፍቼ ገባሁ። የሚያስወጣኝ ስላልተገኘ ይኸው አለሁ። አሰልጣኛችን ግን የምሯን ልትሄድ ነው።

የመጣች ቀን የዝላይ ምርኩዞቹን እየወለወልኩ ነበር። አንዲት ግዙፍ ሴት በሩን ሞልታ ገባችና «ጋሼ፣ ደህና ዋሉ?» ብላ አቀፈችኝ። ማቀፉስ ባልከፋ፣ እግሬ መሬት ለቀቀ። ቁጭ አደረገችኝና ኪሎዬን ነገረችኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ባወራላት፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ለመሆኑ መልሳ አስቀመጠችህ ወይስ አምልጠህ ነው?» አለችኝ።

ለእንግዶች ላስረዳ። በምርኩዝ ዝላይ ምርኩዙ የሚመረጠው በዘላዩ ክብደት ነው። ከጠነከረበት አልለመጥም ብሎ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ከለሰለሰበት ደግሞ እጁ ላይ ይሰበራል። የእኛ ዘላዮች ታዲያ ጠንካራውን ለመያዝ የማይዋሹት ውሸት የለም። ሚዛን ላይ ሲወጣ ካልሲው ውስጥ ብረት የከተተ አለ። ስሙን አልጠራም፤ አሁን ሁለተኛ ኬክ እየበላ ያለው ነው። እሷም ሚዛኑን ትታ ሰውን በክንዷ ማንሳት ያዘች። እናንተ ሰላምታ መስሏችሁ ስትፍለቀለቁ እሷ ትመዝናችኋለች። «ሚዛን» የሚል ስም ያወጣንላት ለዚህ ነው።

ዘንጋዳውም አልዳነም። ዘንጋዳው ማለት ያ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ረጅሙ ነው። በሻምፒዮናው ሰሞን ታሞ ከርሞ፣ ከስቶ፣ ትንፍሽ ሳይል መጣ። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ምርኩዙ ሁለቴም ወደ ኋላ መለሰው። የቀረችው አንዲት ሙከራ ናት። ሚዛን ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ እንደ ሕፃን ብድግ አደረገችው፤ ዞር ብላም ለስላሳውን የሴቶቹን ምርኩዝ አምጡልኝ አለችኝ። ልጁ ሞቼ እገኛለሁ፣ አምና ያሸነፍኩት በዚህኛው ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። ያኔ ያለችው ከጆሮዬ አይጠፋም።

«ምርኩዙ አምና ማን እንደነበርክ አያውቅም። የሚያውቀው ዛሬ የያዘውን ሰው ነው።»

እየተነጫነጨ ሮጠ፤ አለፈም። ፎቶ ሲያነሱት ግን ምርኩዙን ከጀርባው ሊደብቅ ይታገል ነበር። ቁመቱ የእሱን እጥፍ የሚበልጥ ነገር፣ ልብ በሉ።

እኔም ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ከእሱ አልተሻልኩም። ለጠየቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ። ማታ ምድጃ አልለኩስም፤ ለአንድ ሰው ምን ተብሎ ይበስላል? ቀበቶዬ እየሰፋብኝ በሚስማር እበሳዋለሁ። ልጄ «እኔ ጋ ና፣ አብረን እንኑር» ብላ ብትለምነኝ፣ ጎጆዬን አልዘጋም አልኳት። አንድ ጠዋት ሚዛን ግምጃ ቤት ገባችና አነሳችኝ። የዚያን ቀን ኪሎዬን አልነገረችኝም። ቀስ አድርጋ አስቀምጣኝ ወጣች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ምሳ ዕቃዋን ይዛ መጥታ ከምርኩዞቹ አጠገብ ተቀመጠች፤ ማንኪያ ሁለት ነው። አልራበኝም አልኳት።

«ጠየቅኩዎት እንዴ?» አለችኝ።

ይኸው እስከ ትናንት እዚያው አብረን በላን። ሚዛን፣ ጨው ታበዣለሽ። ምሳው እንዳይቀርብኝ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።

አመሰግናለሁ ማለት አልለመደብኝም፤ ሚስቴም ስትወቅሰኝ ኖራለች። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ይስማኝ፦ እኔ ቆሜ የምሄደው በአንቺ ነው። አመሰግንሻለሁ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ዘንጋዳው፣ አንተም። ጤና አይለይሽ፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ ገበታሽ ሰው አይጣ። ሰው የታጣ ቀን ግን ቤትሽን አውቀዋለሁ፤ ሳልጠራ እመጣለሁ። ለጤናሽ።